ሽማግሌዎቼ ሲመጡ በሩን ይዤ የቆምኩ ለታ

ስለ ትዳር ሰው ሁሉ ይጽፋል። ያገባው ይጽፋል፣ የፈታው ይጽፋል፣ ያላገባው ደግሞ ከሁሉም አስበልጦ ይጽፋል። የእኔ ጽሕፈት ጣውላ ላይ ሜትርና ሳንቲሜትር ከማስፈር አያልፍም፤ ፊደል የለየሁትም ጎረምሳ ከሆንኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ግን ሚስት ስመርጥ አርባ ዓመት የፈጀሁ ሰው ነኝና በዚህ ጉዳይ የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም። የአንዲት ቅዳሜን ነገር ላጫውታችሁ፣ ታገሱኝ።

በላይነህ እባላለሁ። ኮልፌ ውስጥ በርና መስኮት፣ ቁም ሳጥንና አልጋ የምሠራ አናጢ ነኝ። ዕድሜዬ ስድሳ ስድስት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ የሚዋሽበት ሰው አለ። ሰፈሩ ያወጣልኝ ስም «ውሃ ልክ» ነው። ውሃ ልክ ግድግዳና በር መዝመም አለመዝመሙን የምታሳይ፣ መሀሏ ላይ አረፋ የምትንሳፈፍባት መሣሪያ ናት። አረፋዋ ከመሀል ፈቀቅ ካለች ሥራው ጠማማ ነው፣ አለቀ። እኔም ከቦርሳዬ አልለያትም።

ሰዎች ግን ስሙን ያወጡልኝ በበር ምክንያት አይደለም። አንዷን ልጅ ጎረምሳ ሳለሁ አጭተውልኝ ነበር፣ ቶሎ ቶሎ ስትበላ አይቼ ተውኩ። ሁለተኛዋን የአባቷ አጥር ዘሞ ስላየሁ ተውኩ፤ አጥሩን ማቃናት ያቃተው ሰው ልጁን እንዴት አድርጎ ያሳድጋል ብዬ። አንዲት ነርስ ነበረች፣ ደግ፣ ቆንጆ፣ ግን ረጅም። ለዚች ሴት ስንት ሜትር በር ልሠራ ነው አልኩና ተውኩ። አራተኛዋ በተዋወቅን በሁለተኛው ቀን «አንተ» አለችኝ። ሌሎቹን ልተዋቸው፣ ሁሉም አግብተው የልጅ ልጅ አይተዋል። እኔ ደረጃዬን ጠብቄ ቁጭ አልኩ።

ባለፈው ጥቅምት ታይፎይድ ጣለኝ። ሦስት ቀን ከአልጋ አልተነሳሁም። ሰው ሲያንኳኳ ይሰማኛል፣ ድምፄ ግን አልወጣ አለ። የቤቴን በር የሠራሁት ከወፍራም የዝግባ ጣውላ ነው፤ ከውስጥ ሁለት ብረት መወርወሪያ አለው። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ ሽኩር ሁለት ወንድ አስከትሎ፣ ዲጂኖ ይዞ መጣ። ሽኩር ቆርቆሮ ነጋዴ ነው፣ ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረናል፣ እንሰዳደባለን። በሬን ሰብረው ለመግባት ስንት ጊዜ እንደፈጀባቸው እነሱ ይንገሯችሁ። ገብተው ሲያነሱኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «መቃኑን ነካችሁት?» የሚል ነበር አሉ። እኔ አላስታውስም።

ሲሻለኝ ሽኩር አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ስማ ውሃ ልክ፣ ይሄ በርህ ሌባ አያስገባም፤ ወዳጅም አያስገባም። ሌላ ጊዜ ስትታመም እኔ ዲጂኖ የማነሳበት ጉልበት አይኖረኝም። አግባ!»

«ማንን?»

«የተከፈተላትን!»

ስቄ አለፍኩት። ሌሊት ሌሊት ግን ያ የማንኳኳት ድምፅ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ሰው እየጠራኝ መልስ መስጠት አለመቻሌ፣ ከበሽታው ይልቅ እሱ አስፈራኝ። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ አስካለን ማየት ጀመርኩ። አስካለ ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ልጆቿ ወጥተው የየራሳቸው ቤት ያላቸው። በእድር አውቃታለሁ። ስምንት ወር ሙሉ በዓይኔ መረመርኳት። ያገኘሁባት ጉድለት ሁለት ብቻ ነው፤ ስትስቅ ድምጿ ከሰፈር ሰፈር ይሰማል፣ ስትሠራ ደግሞ ታንጎራጉራለች። ሁለት ጉድለት! ለእኔ ይህ ማለት ቅድስት ማለት ነው።

ሽማግሌ ልላክ አልኩ። ሽኩርና የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታፈሰ እሺ አሉ። ሦስተኛው መምሬ ነበሩ፣ ክርስትና የሚያነሱት ልጅ ስለነበራቸው ቀሩ። «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ለጉዳይ እንመጣለን» ተብሎ ለአስካለ ተላከባት። የማን ጉዳይ እንደሆነ አልተነገራትም። ደንቡ እንዲያ ነው፤ የሰውየው ስም የሚነሳው ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው ነው።

አርብ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ።

«ጋሽ በላይነህ፣ አስካለ ነኝ፣ ልብስ ሰፊዋ። የቤቴ በር ወለሉን እየፋቀ አስቸገረኝ። ነገ ከሰዓት እንግዳ ይመጣብኛል። ጠዋት ብቅ ብለው ቢያዩልኝ?»

ደህና አእምሮ ያለው ሰው «ነገ አይመቸኝም» ይላል። ሽማግሌ በሚላክበት ቀን ላኪው በዚያ ሰፈር ዝር አይልም። ይህን ነውር የማያውቅ የለም። እኔ ግን ምን አልኩ? ጣውላ ሳያገላብጡ ይገዛል? ጓዳዋን ሳላይ፣ አያያዟን ሳላይ እንዴት እገባበታለሁ? ስድስት ሰዓት ላይ ጨርሼ እወጣለሁ፣ ሽማግሌዎቼ በዘጠኝ ይመጣሉ፣ ማን ያውቃል? «እመጣለሁ» አልኩ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ቤቷ የድሮ የጭቃ ቤት ነው፣ በንጽሕና የተያዘ። አንድ በር፣ ከበሩ ጎን አንድ መስኮት። በሩ ሲከፈት ይጮሃል፣ ከታች በኩል ሲሚንቶውን ፍቆ እንደ ቀስተ ደመና መስመር አስምሮበታል። ውሃ ልኬን አወጣሁና በሩ ላይ አስደገፍኳት። አረፋዋ ሸሽታ ጥግ ያዘች።

«ይሄን በር የሠራው ማነው?» አልኩ።

«ምነው?»

«ወይዘሮ አስካለ፣ ይሄ አናጢ አይደለም። ይሄ ጣውላ ያሰቃየ ሰው ነው። እጁ መያዝ ነበረበት።»

«እንዲያ ነው እንዴ?» አለችና ስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ አለች። ማንጎራጎር ጀመረች።

ማጠፊያውን ፈትቼ በሩን ግቢው ውስጥ ሁለት ድንጋይ ላይ አጋደምኩት። እየላግሁ እሰድባለሁ፣ እየሰደብኩ እልጋለሁ። «ምስማር አመታቱን እዩት! ዓይነ ስውር!» እያልኩ። የላይኛውን ጠርዝ ላስተካክል ሳዞረው አንድ ነገር አየሁ። ሦስት ምስማር፣ ሦስት ማዕዘን ሆነው የተመቱ። እጄ መላጊያው ላይ ደረቀ። ይህን ምልክት በኮልፌ የሚመታ አንድ አናጢ ብቻ ነው። ስሙም በላይነህ ይባላል።

ቀና ስል በመስኮት እያየችኝ ነው።

«አገኙት?» አለች። «ባለቤቴ ነው ያሠራዎት፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሆነው። የዛን ጊዜ ጸጉርዎ ጥቁር ነበር።»

ጥፋት ማመን ከማይሆንልኝ ሰው ምን ትጠብቃላችሁ? «እንግዲያው በሩ አይደለም የዘመመው፣ ቤቱ ነው!» አልኩ። እውነቴን ነበር። ውሃ ልኬን መቃኑ ላይ ሳደርጋት አረፋዋ እዚያም ሸሸች። ቤቱ በዘመን ብዛት ወደ ቀኝ ጋደል ብሏል። ግን አርፌ መቼ ተቀመጥኩ? በሩን እንደ መጽሐፉ፣ ቀጥ አድርጌ፣ ከታች ሁለት ጣት ቆርጬ አቃናሁት።

ምሳ አቀረበችልኝ፣ ሽሮ። ቁጭ እንዳልኩ «ጨው ይኖራል?» አልኩ። አመጣችልኝ። እየጎረስኩ ስለ ዝግባ ጣውላ አወራሁላት፤ ጣውላ ሳላገላብጥ እንደማልገዛም ነገርኳት። ጸጥ ብላ ሰማችኝና፦

«ጋሽ በላይነህ፣ እንደ ወንድም ይምከሩኝ። ዛሬ የሚመጡት ሽማግሌዎች ናቸው አሉ።»

ጉርሻዬን ሳላኝክ ዋጥኩ። «ለ... ለማን?»

«ምኑን አውቄ? እስቲ ምን ዓይነት ሰው ቢሆን ይሻለኛል?»

«እኔማ፣» አልኩ አፌን እየጠረግሁ፣ «በዕድሜ የበሰለ ቢሆን። የእጅ ሙያ ያለው። ጠንቃቃ። ቁጡ ቢመስልም ልቡ...»

«እኔ ብዙ አልመርጥም» አለችኝ። «የማልችለው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንዱ ሳይቀምስ ጨው የሚጠይቅ ሰው። አንዱ እየጎረሰ የሚያወራ። እነዚህን ሁለቱን እንኳን ይሁን፣ እችላለሁ። ሦስተኛውን ግን እግዚአብሔርም ቢያዘኝ አልችልም። ‹ተሳስቻለሁ› ማለት የማይወጣው ሰው።»

የጨው ዕቃውን ቀስ አድርጌ ከፊቴ ገፋሁት።

ከምሳ በኋላ በሩን አንስቼ መቃኑ ውስጥ ከተትኩት። ጉድ ፈላ። ከላይ በግራ በኩል ድመት የሚያሳልፍ ክፍተት፤ ከታች በቀኝ በኩል ንቅንቅ አይልም። ገፋሁ፣ እንቢ። ነቅዬ ላግሁ፣ መለስኩ፣ ክፍተቱ ሰፋ። ደመናው ከእንጦጦ በኩል እየጠቆረ መጣ፤ ሰኔ መግቢያ ነው። ስምንት ሰዓት አለፈ። ላቤ ጠብ ጠብ ይላል። አስካለ ስፌቷን ትታ አጠገቤ ቆማለች።

«ቤቱ ነው ያስቸገረኝ» አልኩ።

«እና ቤቱን ሊያፈርሱት ነው?» አለች። «ቤቱም ዘመመ፣ በሩም ዘመመ። ሃያ ሰባት ዓመት አብረው እየዘመሙ ሲዘጉ ኖሩ። ከሥሩ ትንሽ መፋቅ ነው የሚፈልገው ብዬ ጠራሁዎት፣ እርስዎ አለያዩዋቸው።»

መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ከውጭ በር «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሽኩር ድምፅ። ገና ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው፤ በሕይወቱ በሰዓቱ ደርሶ የማያውቅ ሰው ያን ቀን ቀድሞ መጣ።

ጓሮ በር የለም። መውጫው አንድ ነው፣ እሱም ላይ ሽማግሌዎቼ አሉ።

«ምነው ደነገጡ?» አለች አስካለ። «አናጢ አይደሉም እንዴ?»

«በሩ... በሩ እንዳይወድቅ ከውስጥ ልደግፈው» አልኩና ቤት ገብቼ በሩን መቃኑ ላይ አቁሜ በሁለት እጄና በትከሻዬ ያዝኩት። ማጠፊያው እኔ ሆንኩ። እሷ መስኮቱ ጋ ቆመች።

እግራቸው ቀረበ። ሽኩር በሩን አንኳኳ፤ ደረቴ ላይ ያንኳኳ ያህል ተሰማኝ።

«ጋሽ ሽኩር፣ ጋሽ ታፈሰ፣ እንደምን ዋላችሁ» አለች በመስኮት። «በሩ ጥገና ላይ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና በዚሁ እናውራ።»

«ግድ የለም» አለ ጋሽ ታፈሰ፣ ደርበብ ብሎ። «እኛም ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ልመና ይዘን መጥተናል። ወንድማችን በላይነህ የርስዎን ቤት ቤቱ፣ የርስዎን ወገን ወገኑ ሊያደርግ ልኮናል።»

«በላይነህ፣ ውሃ ልኩ?»

«እሱው። ሙያ ያለው፣ ከሰው የማይደርስ...»

«በዕድሜም ገና ነው» አለ ሽኩር። «አምሳ ስምንት ቢሆነው ነው።»

ይኸው ውሸቱ። ከበሩ ጀርባ ጥርሴን ነከስኩ።

«ጥሩ ጥሩውን ሰማሁ» አለች አስካለ። «ጉድለቱንስ?»

ሽኩር ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ከተጠየቅን... ትንሽ መራጭ ነው።»

«ትንሽ?» አለ ጋሽ ታፈሰ።

«አንዷን ቶሎ በላች ብሎ ተወ። አንዷን አጥርሽ ዘመመ ብሎ። አንዷን ረዘምሽ ብሎ። ሊሞት ሲያጣጥር ደርሰን ብናተርፈው ስለ መቃኑ ሰደበን።»

አስካለ ሳቋን ለቀቀችው። ያ ከሰፈር ሰፈር የሚሰማው ሳቅ። አየር ጤና ያለ ታክሲ ሳይቀር ሰምቷል። ትከሻዬ ደክሟል፣ በሩ ይከብዳል። የራሴ ሥራ ነዋ፣ ቀላል ሠርቼ አላውቅም።

«አንድ ጥያቄ ብቻ» አለች። «ጋሽ ሽኩር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ልጅዎን ይድሩለት ነበር?»

የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ሲመታ ሰማሁት።

«ልጄን?» አለ ሽኩር። «ኧረ አልድርለትም!»

«ሽኩር!» ብዬ ጮህኩ። «አንተ ከሃዲ!»

ስጮህ እጄን ለቀቅሁ። በሩ ወደ ውጭ ተጋድሞ ሄደ። ጋሽ ታፈሰ በዚያ ዕድሜው እንደ ጎረምሳ ዘሎ አመለጠ፤ የሽኩር ባርኔጣ ግን በሩ ሥር ቀረ። አቧራው ሲበን መቃኑ መሀል ቆሜያለሁ። ጸጉሬ ፍቅፋቂ፣ እጄ ባዶ። ሽማግሌ የላከው ሰው፣ ሽማግሌዎቹ በመጡበት ቤት ውስጥ!

ጋሽ ታፈሰ በመጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አስካለን፣ ቀጥሎ ሰማዩን አየ። «እኛ ታዲያ ምን ልናደርግ መጣን?» አለ። «ቀድሞን ገብቷልኮ!»

«በር ልሠራ ነው የመጣሁት!»

«እናያለን በርህን» አለ ሽኩር ባርኔጣውን እየጎተተ። «ደግሞ ምን ያስጮህሃል? ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሃይማኖታችሁም ለየቅል። ከዚያም በላይ ልጄ አንተን አትችልህም። አንተን የምትችል እድሜ የጠገበች፣ ነገር የገባት ሴት ናት። ይህን ልጨርስ ስል ነው በሩን የጣልክብኝ!»

አስካለ ዓይኗን እየጠረገች ወጣች። ስትስቅ አልቅሳለች። ከዚያ ሳቋን ቆረጠች።

«መልሴን እሰጣችኋለሁ» አለች። «በሩ ሲዘጋ። ዝናቡ መጣ፣ ስፌቴም የሰው ልብስም ውስጥ ነው። ግቡና ተቀመጡ። እሳቸው ይሥሩ።»

ሦስቱም እኔን ያያሉ። በሩ መሬት ላይ ተኝቷል፣ ቀጥ ያለ፣ እንከን የሌለው፣ የትም የማይገባ። ውሃ ልኬን አንስቼ አየኋት። ሃምሳ ዓመት ያላሳፈረችኝ መሣሪያ ናት። ቦርሳዬ ውስጥ መለስኳት።

«ተሳሳትኩ» አልኩ።

«ምን አልክ?» አለ ሽኩር። «ድገመው፣ ታፈሰ አልሰማም።»

«ተሳሳትኩ አልኩ! በሩ ደህና ነበር! ዝጋ አፍህን!»

አስካለ ገብታ የስፌት ሜትሯንና ጠመኔዋን ይዛ መጣች። መቃኑን በአራቱም ማዕዘን፣ ደግሞም ከጥግ ጥግ ለካች፤ በሩ ላይ በጠመኔ አሰመረች። መስመሩ ጠማማ ነው። ዓይኔን አሳከከኝ።

«አንድ ትከሻው የወረደ ሰው ኮት ሊያሰፋ ሲመጣ» አለችኝ ጎንበስ ብላ እያሰመረች፣ «ትከሻህን አቃና አልለውም። በትከሻው ልክ እቆርጣለሁ። ስፌቱ ግን አንድ ክር ካፈነገጠ እተረትረዋለሁ፣ ሌሊት ቢሆንም። ትከሻ ላይ እደራደራለሁ፣ ስፌት ላይ አልደራደርም። እርስዎ ሁለቱን ቀላቅለውብኝ ነው የዋሉት።»

በመስመሯ ላይ ቆረጥኩ። ያጎደልኩትን ከታች በቁራጭ ጣውላ ቀጠልኩ፣ በኮላና በምስማር። ዝናቡ ጀርባዬን እየመታኝ፣ ሽኩር ከውስጥ «ቶሎ በል፣ በረደን!» እያለ። ማጠፊያውን አሰርኩ። በሩን በአንድ ጣት ገፋሁት። ሄዶ ሄዶ፣ ሳይጮህ፣ ሳይፍቅ፣ ጠቅ አለ።

ዝናቡ ከውጭ ቀረ። እኔም ከውጭ ቀረሁ። ረስቼ በውጭ በኩል ነበር የቆምኩት።

አንኳኳሁ። ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ። «ማነው?» አለች።

«በላይነህ ነኝ።»

«ለምን ጉዳይ?»

እንደ ሽማግሌ ደንብ ቆሜ፣ ጠብታው ከአፍንጫዬ እየወረደ፣ ጉዳዬን ራሴ ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም። ከፈተችልኝ።

«አንድ ነገር አለኝ» አለች ሽማግሌዎቹ ፊት። «የቤትዎን መወርወሪያ ሰምቻለሁ። ያ ብረት ይነቀላል። ቁልፍ ይገባበታል፣ ቁልፉም ሁለት ይሆናል። አንዱ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ይህ ስፌቱ ነው።»

በስድሳ ስድስት ዓመቴ ቁልፌን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ሽኩር ትንፋሹን ዋጠ። «እሺ» አልኩ።

በኋላ ነው የነገሩን ሥር ያወቅሁት። የሽኩር ሚስት ሐሙስ ዕለት ሁሉንም ነግራታለች፤ አስካለ አርብ ስትደውልልኝ ማን ሽማግሌ እንደላከባት አሳምራ ታውቃለች። ስጠይቃት አላፈረችም። «ጣውላ ሳያገላብጡ አይገዙም አሉ» አለችኝ። «እኔም ጨርቅ ሳልዳስስ አልቆርጥም።»

እናንተ ልጆች፣ በተለይ ስልክ ላይ ሰው እያገላበጣችሁ የምትጥሉ፣ ያገኛችሁትን አንሱ ልላችሁ አይደለም ይህን የጻፍኩት። ያገኘውን አንስቶ ሲያለቅስ የሚኖር ሰው ሰፈሬ ሞልቷል፣ በሩን የጠገንኩለት አውቃለሁ። ምረጡ። አስካለም መርጣለች፣ ከእኔ ይልቅ በደንብ። ሦስት ነገር ይዛ መጣች፣ ሁለቱን ማረችኝ፣ አንዱን ጨክና አስከፈለችኝ። እኔ አርባ ዓመት የያዝኩት መቶ ነገር ነበር፤ ከመቶው ውስጥ «ስታመም ትከፍትልኛለች ወይ?» የሚል አልነበረበትም። ለቶሎ በይዋ፣ ለረጅሟ ነርስ፣ አጥራቸው ለዘመመው አባትም ይቅርታ ይድረሳቸው። አጥሩ ዘሞ ነበር፣ እሱን አልመልስም።

ሰኞ ጠዋት መወርወሪያዬን ነቅዬ፣ ቁልፍ ገጥሜ፣ ሁለተኛውን ላስቀርጽ አየር ጤና ወረድኩ። ቁልፍ ቀራጩ ቀርጾ ሰጠኝ። ቤቴ ተመልሼ ሞከርኩት፤ ትንሽ ካላወዛወዙት አይከፍትም። በታክሲ ተመልሼ ሄድኩ። ሞረደው። ተመለስኩ፣ አሁንም ይይዛል። ሦስተኛ ስሄድ ቀራጩ ተቆጣ።

«አባባ፣ ይከፍታልኮ! ትንሽ ነቅነቅ ማድረግ ነው። ምን አስቸገረዎት?»

«ይሄ ትከሻ አይደለም፣ ስፌት ነው» አልኩት። «ሞርድ!»

አልገባውም። ግን ሞረደው።